ከበሩ የተነሣው በሶብላ

«አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረ» አሉ መምህሩ። ስንዱ የሰፈር ልጆችን ቤቷ ሰብስባ በነጻ የምታስጠና ወጣት ናት። ጎረቤቷ የሚኖሩት በሽተኛ አዛውንት በልጆቹ ጩኸት ስለተማረሩባት፣ «መልካም ሥራ ሰው ካስከፋ ልተወው ወይስ ልግፋበት?» ብላ መምህሩን ጠይቃቸው ነበር። መምህሩም ቀጠሉ።

ሹፌሩ ጡረታ ሲወጣ የግቢውን ሲሚንቶ በዶማ ፈነቀለው። ሰፈሩ ሁሉ ንጣፍና ግንብ ስለሆነ ቢራቢሮ እንኳ ማረፊያ አልነበራትም። እሱ ግራዋ፣ ጦስኝ፣ ሱፍና አደይ ተከለ። ፀሐይ የሚያገኘውን አንድ ጥግ ግን መሬት ውስጥ የምትኖረው ጣዝማ እንድትገባበት ባዶ አፈር ተወው። አባጨጓሬ ቅጠሉን ሲበላም ዝም አለ፤ ነገ ቢራቢሮ የሚሆነው እሱ ነውና። በሩ ሥር ደግሞ በሶብላ ተከለ። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ይህን ነበር። ጠዋት ጠዋት ንቦቹ ሲርመሰመሱበት በርጩማ አውጥቶ ያያቸዋል።

ፊት ለፊቱ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ንቦቹ መንገዱን ሞሉት እኮ፤ ልጄ በዚህ ነው የምታልፈው» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ «ካልነኳቸው አይነኩም» አላትና ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዲት ንብ አንገቷ ላይ ነደፈቻት። ወዲያው ፊቷ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። እናትየው ታቅፋት ሮጠች፤ እንደ ምንም ባጃጅ ተገኝቶ ጤና ጣቢያ ደረሱ። ልጅቷ በመርፌ ተረፈች። ሐኪሙ ግን እናትየውን ለብቻዋ ጠርቶ «ደግማ ብትነደፍ ላትደርሱላት ትችላላችሁ» አላት።

በማግስቱ ሴትዮዋ የፀረ ተባይ መርጫ በጀርባዋ አዝላ መጣች። ጎረቤቱም ተከተላት። ሹፌሩ ሲያያቸው በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

«ይክፈቱ፣ ጋሼ!»

«ግቢው የኔ ነው። አልከፍትም።»

«ካልነኳቸው አይነኩም አሉኝ። ልጄ ምን ነካች? በመንገዷ ነው ያለፈችው!»

ከኋላ አንዱ «በአጥሩ ርጪው፣ ምን ትለማመጪዋለሽ!» ብሎ ጮኸ። የመርጫው ጫፍ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ።

ሹፌሩ እጁን መቀርቀሪያው ላይ እንዳደረገ ቀረ። መርዙ አንዴ ከተረጨ በሶብላው ላይ ብቻ እንደማይቆም ያውቃል፤ አፈር ውስጥ ያሉትንም ቅጠል ላይ ያሉትንም ይጨርሳል። ሴትዮዋን ቢያባርራት ደግሞ ልጅቷ ነገም የምታልፈው በዚሁ በር ነው። ሌላ መንገድ የላትም።

ከፈተው። «ትንሽ ታገሺኝ» አላትና አካፋ ይዞ መጣ። ንቦቹ እንዳረፉበት በሶብላውን ከነሥሩ ይነቅለው ጀመር። ንቦቹ ተነሡ፤ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። እጁን ነደፉት፣ ግንባሩን ነደፉት፤ አላቆመም። ሴትዮዋ ብቻ ጣቷን ከመርጫው እጀታ ሳታነሣ ቆማ ታየዋለች።

በሶብላውን ከቤቱ ጀርባ ወስዶ ተከለው። በሩ ሥር የነበረውን አፈር በድንጋይ ደፈነ። ከዚያም ንቦቹ ሲወጡ ከመንገደኛው ራስ በላይ እንዲበሩ አጥሩን በቆርቆሮ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ አደረገው።

ሴትዮዋ መርጫውን ከጀርባዋ አወረደች።

«ለልጄ ፈርቼ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አላት። «መንቀል የነበረብኝ የነገርሽኝ ቀን ነው።»

ከተነቀለው በሶብላ የሚበዛው ደረቀ። ሴትዮዋም ንብ መውደድ አልቻለችም፤ ልጅቷ ስታልፍ ሁልጊዜ ደጃፍ ወጥታ ትጠብቃታለች። መርጫው ግን ወደዚያ በር አልተመለሰም። ከቤቱ ጀርባ ያለው አትክልት በንብ ተሞላ፤ ልጅቷም በደህና አደገች።

እዚህ ላይ መምህሩ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሹፌር በሩን ቀርቅረሽ ቆመሻል። መልካም ሥራ መያዝሽን ማንም አልካደም። ጎረቤትሽ ግን የሚያልፉበት ሌላ መንገድ የላቸውም፤ የተኙት ከግድግዳሽ ሥር ነው። ሹፌሩ አትክልቱን አልተወውም፤ ለሰው መንገድ ሲል በጣም የሚወደውን ከቦታው አነሣ እንጂ። ዛሬ ልጆቹ ሲመጡ አንቺ አታስጠኚ። ከአዛውንቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጪና ጩኸቱን ከእሳቸው ጋር ስሚው። የቱን ማንሣት እንዳለብሽ እዚያው ይገባሻል።»