የእመት አህያ እርከን

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ላይ፣ ባሏን ጅብ የበላባት እመት አህያ ከአንድ ውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። የተራራው ወንዶች ሜዳ ሜዳውን ሲከፋፈሉ ለእሷ የደረሳት ፍየል እንኳ ተጠንቅቃ የምትወጣው ቁልቁለት ነው። በየክረምቱ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ገደል ይከተዋል። እሷ ትዘራለች፣ ወንዙ ያጭዳል።

ቢሆንም እጅ አልሰጠችም። ከእመት ጃርትና ከእመት ዶሮ ጋር ወንፈል ገባች፤ ዛሬ የአንዷን ማሳ፣ ነገ የሌላዋን እየተጋገዙ ይሠራሉ። ጃርት ትቆፍራለች፣ አህያ ድንጋይ ትሸከማለች፣ ዶሮ ፍግ ትበትናለች። ቁልቁለቱን በድንጋይ እርከን ደረጃ በደረጃ ከፋፈሉት፤ በየጠርዙም ሥሩ አፈር የሚይዝ ሣር ተከሉ። በሦስተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ገብሱ የውርንጭላውን ጆሮ አለፈ።

ወሬው አያ ጅቦ ዘንድ ደረሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ጧት ቀበሮ በጉሙ መሀል ብቅ አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመት አህያ፣ እንደምን አደርሽ? አያ ጅቦ ልከውኝ ነው። ‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ› ነውና፣ ማሳውን እሳቸው ይረከቡሻል።»

«ድንጋዩን በጀርባዬ ተሸክሜ ያቆምኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«እሱን ማን ይክዳል? ግን ‹ወይ ማሳውን፣ ወይ ውርንጭላውን› ብለዋል። እኔ መልእክተኛ ነኝ።»

አህያ ጆሮዋን ወደ ጉሙ አቀናች። ከጉሙ ውስጥ ከባድ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ሽታው ባሏ የጠፋ ዕለት የሸተታት ነው። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ልጇን ወደ ሆዷ አስጠግታ «ማሳውን ይውሰዱ» አለች። «ብቻ አደራ፣ ድንጋዮቹን እንዳይነኳቸው።»

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ አያ ጅቦም ገበሬ ነኝ ብሎ ማሳው መሀል ተጎለተ።

«ይህ ሁሉ ድንጋይ ምን ይሠራል?»

«ቦታ ይፈጃል እንጂ ምን ይሠራል፣ ጌታዬ! ቢነሳ ስንት ትልም ይወጣዋል» አለ ቀበሮ። ዓይኑ ግን ከድንጋዩ ሥር የሚርመሰመሱት አይጦች ላይ ነበር።

ጅብ ለተጨማሪ ትልም ጎመጀ። ድንጋዩን በመንጋጋው እየነቀለ፣ ሣሩን እየመነገለ እርከኑን በሙሉ አፈረሰው። አህያ ከልጇ ጋር ከላይ ካለው አለት ሥር ተሸሽጋ እያንዳንዱ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማች።

ከዚያ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። በአራተኛው ቀን ዶሮ እየተንደረደረች መጣች።

«ኧረ ጉድሽ ፈላ! ጅቡ ‹ገብሱ እስኪደርስ ምን ልብላ› ብሎ ለውርንጭላሽ እየመጣልሽ ነው!»

የት ትሽሽ? ከኋላዋ ሌላ ገደል፣ ከፊቷ ጅብ። ልጇንና ዶሮን አለቱ ላይ አውጥታ ከፊታቸው ቆመች። ጅብ በነጠቃት ማሳ መሀል ሽቅብ ሲወጣ ታያት፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ይውጠዋል። ያኔ መሬቱ ከውስጡ ሲያጉረመርም ሰማች።

«ይመለሱ፣ አያ ጅቦ! መሬቱ ሊሄድ ነው!»

«አሁን ደግሞ አህያ ትምከረኝ?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን አልጨረሰም። ቁልቁለቱ እንዳለ ተናደ፤ ገብሱም ጅቡም ገደል ገቡ። ቀበሮማ አይጡን በልቶ ቀድሞ ሸሽቷል።

መስከረም ሲጠባ የቀረው ራቁቱን የወጣ ቁልቁለት ነው። አህያ አሁንም ኮሽ ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ቢሆንም ከጃርትና ከዶሮ ጋር ድንጋይ መልቀም ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ሜዳ የደረሰው በሬ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እመት አህያ፣ ጎርፉ የእኔንም ማሳ ቦረቦረው። ይህን እርከን እንዴት ነው የምትሠሩት?»

አህያ የተሸከመችውን ድንጋይ አወረደች። ከዚያም «ከላይ ነው የሚጀመረው፣ አያ በሬ» አለችው። «ና፣ ያን ድንጋይ አንሣ።»

በሬም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴት ትእዛዝ ተቀብሎ ድንጋዩን አነሣ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሴትን ማሳ በማስፈራራት የነጠቀ መሬቱን ቢወስድ እንኳ መሬቱን ያቆመውን ሙያዋን ሊወስድባት እንደማይችል ነው።