የዘገዬ ወረንጦ

ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው ድሮ ነው፤ አያቴ ከአያቱ የሰማው፣ የአያቱም አያት ከማን እንደሰማው የማይታወቅ ድሮ።

በአጓት ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ወዲህ ማዶ፣ ቀጋና ግራር በሞላው ዳገት ላይ፣ ዘገዬ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ ደብሬ፣ ስንዱ፣ ይታክቱ።

የወዲያ ማዶ ገበሬዎች የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል፣ እጁ የነካውም ቤት ከገባ አይበጅም ይሉ ነበር። እዚህ ላይ ልሳደብ ነበር፤ ይቅር። ማረሻቸውን የሚያሾሉት እሱ ጋ ነው። ማጭዳቸውን የሚያስመቱት እሱ ጋ ነው። ግን ማረሻው በረት ያድራል፣ ማጭዱ አጥር ላይ ይሰካል፤ ከቤት አይገባም። ልጆቹ ደግሞ መልከ መልካምና ባለሙያ ነበሩና ለወንዶች ልጆቻቸው ጠየቋቸው። ልጆቹን ወደዱ፣ እጁን ፈሩ።

መጀመሪያ ደብሬ ተዳረች። እድምተኛው የበላው እንኳ ጎረቤት ያበሰለውን ነው። ዘገዬ ግን፣ «ከቤቴ ማንም ባዶ እጁን አይወጣም» አለ። ለመሸኛ የብረት አምባር ሠራ። በእያንዳንዱ ላይ የቤቱን ምልክት ቀረጸ። እድምተኛው ተቀበለ፣ መረቀ፣ ሄደ። በማግስቱ ዘገዬ ወደ ወንዙ ወረደ። መሻገሪያው አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር፣ አምባሮቹ ተጥለው አገኛቸው።

ደብሬም ለመልስ አልመጣችም። መልስ ታውቃላችሁ፤ የተዳረች ልጅ ከባሏ ወገን ጋር ወደ አባቷ ቤት የምትመጣበት ቀን ነው። እንጉዳይ ቤቱን ጠርጋ፣ ጉዝጓዝ ጎዝጉዛ፣ በር በሩን ስታይ ዋለች። ማንም አልመጣም።

«የቤታችንን ምልክት ማን ክንዱ ላይ ይሸከምልሃል?» አለችው። እውነቷን ነው። ዘገዬ አምባሮቹን በስልቻ ሰብስቦ ወደ ከሰል እሳቱ መለሳቸው።

ቀጥሎ ስንዱ ተዳረች። ያንኑ ብረት ቀጠቀጠ። ለከብቶቻቸው ይሆናቸዋል ብሎ ለመሸኛ ቃጭል ሠራ። እድምተኛው ተቀበለ፣ መረቀ፣ ሄደ። ቃጭሉ ግን መንገዱን ሙሉ ጮኸ፤ ከማን ቤት እንደመጡ ላገሩ ሁሉ ተናገረባቸው። በማግስቱ ዘገዬ ወደ ወንዙ ወረደ። ቃጭሎቹ እዚያው ዋርካ ሥር ተጥለዋል። ስንዱም ለመልስ አልመጣችም።

በዚህ ጊዜ ግን ወዲያው አልሰበሰበም። ተቀመጠ። ለምን ሁልጊዜ እዚህ? ሌላ ቦታ ለምን አይጥሉትም? አጎንብሶ አየ። ድንጋዮቹ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። የተሰባበረ እሾህ አለ። ዳገቱን በባዶ እግሩ የወረደ ሁሉ ከመሻገሩ በፊት እዚህ ተቀምጦ እሾሁን በጥፍሩና በጥርሱ ሲታገል ነው የሚቆየው፤ ግማሹም ተሰብሮ ሥጋ ውስጥ ይቀርበታል።

«ሁለት ጊዜ ሠራሁ» አለ ዘገዬ፣ «ሁለቱንም ለራሴ ነው የሠራሁት።»

ይታክቱን የጠየቀው ጭቃሹም ደምለው ነበር፤ ለልጁ። የወዲያ ማዶ ሹም ነው። ዘገዬ ያንኑ ብረት ሦስተኛ ጊዜ እሳት ውስጥ ከተተ። እየቀጠቀጠ አሳሳው፣ ከመሃሉ አጠፈው፣ ጫፍና ጫፉን ሞርዶ አገጣጠመው። ወረንጦ ሆነ። እንደ አውራ ጣት ያጠረ፣ በማተብ ክር የሚንጠለጠል። ለእድምተኛው ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ።

«ሦስተኛ ልትዋረድ ነው?» አለችው እንጉዳይ።

«አዎ። አራተኛ ልጅ ብትወልጂልኝ አራተኛም እዋረዳለሁ።»

ሠርጉ ሆነ። እድምተኛው ተቀበለ፣ መረቀ፣ ሄደ። በማግስቱ ዘገዬ ስልቻውን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ከዋርካው ሥር ብዙ እሾህ ተነቅሎ ተከምሯል። ብረት ግን የለም። ዞረ፣ ፈለገ። በመጨረሻ ከውሃው ዳር አንድ ወረንጦ አገኘ። አንድ ብቻ። የጭቃሹም ደምለው ነበር፤ ክሩ የሐር ስለሆነ አወቀው። መልሱን የሚፈቅደው ደግሞ እሱ ነው።

ዘገዬ ያችን አንዷን ወረንጦ አንሥቶ ራሱ አንገት ላይ አሰራት። ጠበቀ። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት በዳገቱ ላይ ሰዎች ታዩ። ይታክቱ ከፊት ናት፤ ባሏና ወገኖቹ ይከተሏታል። ጭቃሹም ደምለው በበቅሎ ላይ ነው፤ አንድ እግሩ አብጧል።

«አንተ ቀጥቃጭ» አለ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ «ያንን ነገር ጥዬው ነበር። እሾህ ተረከዜ ውስጥ ተሰበረ። ያገሬ ሰው ሁሉ በአንገቱ አለው፤ አውሱኝ ብል 'የሠርግ ነው፣ ከአንገታችን አናወርድም' አሉኝ። ለሹማቸው!»

«ይውረዱ፣ ጌታዬ» አለ ዘገዬ።

ወርዶ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። ዘገዬ ተንበረከከ፣ ያንን ሲፈሩት የኖሩትን እጁን ተረከዙ ላይ አኖረ፣ እሾሁን በወረንጦው ይዞ ስቦ አወጣው። ከዚያ ወረንጦውን በሐር ክሩ መልሶ በአንገቱ አሰረለት። ጭቃሹሙ ተነሥቶ መሬቱን ረገጥ አደረገ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አማቼ» አለ በኋላ። «ወደ ቤት አያስገቡንም?»

ሰማችሁ? አያስገቡንም አለ። አንቱ አለው። እንጉዳይ ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ እልልታዋን ለቀቀችው። ያን ቀን የራሷን ወጥ በሉላት።

በዚያው ወር ስንዱ መጣች። ደብሬም ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች፤ አያታቸውን አያውቁትም ነበር።

እስከዛሬ በአጓት ወዲህና ወዲያ ሠርግ ያለ ወረንጦ አይሸኝም። በመልስ ቀን ደግሞ የወንዱ አባት ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዘረጋል። ሀብታም ቢሆን፣ ጫማ የተጫማ ቢሆን፣ ጫማውን አውልቆ ይዘረጋል። የሙሽሪት አባት ተንበርክኮ፣ እሾህ ባይኖርም እንዳለ አድርጎ ተረከዙን በወረንጦ ይነካዋል። ያን ጊዜ አማቹ አንቱ ይለዋል፤ ተያይዘውም ይገባሉ።