ዔሊ ጠላ ቤቷን ለጦጣ ድረ ገጽ የሰጠች ጊዜ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ሥራ ያላችሁም ሥራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ።

እንስሳ በሚያወራበት፣ ዕቃም በሚመልስበት በዚያ በደጉ ዘመን፣ በገበያ መንገድ ዳር ጠላ የምትጠምቅ ዔሊ ነበረች። ጠላው ሲደርስ በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ከደጇ ታቆማለች። ሲያልቅ ታወርዳለች። አህያ ከገበያ ሲመለስ ጣሳውን ከሩቅ ያይና «አለ» ብሎ ይገባል። ጣሳው ከሌለ «የለም» ብሎ ያልፋል፤ አይቀየምም። ዔሊም ማን ጉሽ እንደሚወድ፣ ማን ቅራሪ እንደሚበቃው ሳይነግሯት ታውቃለች። ያኔ እንዲህ ነበር።

አንድ ዓመት ከጋራው ማዶ አዲስ መንገድ ወጣ። ጠጪው ወደዚያ ዞረ። ከእናቷ የወረሰችው ጋን አንድ ቀን እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ ባዶዬን ከከረምኩ ደርቄ እሰነጠቃለሁ።»

ሌላ ጋን የላትም። ዔሊ ጨነቃት።

ይህን ጊዜ ከተማ ቆይቶ የመጣ ጦጣ ከተፍ አለ። በዚያ ዘመን ድረ ገጽ ነበር ወይ ትሉ ይሆናል። ተረት ውስጥ ምን የሌለ አለ።

«እትዬ ዔሊ፣ ድረ ገጽ ልሥራልሽ። ዓለም በራሱ እግር ይመጣል።»

«መኖሬን ማን ይነግረዋል?»

«ማንም። ከተሠራ ያየዋል።»

ጣሳው ከላይ ሆኖ ሳቀ። «እኔ እንጨት ላይ ተሰቅዬ እንኳ ሳያየኝ የሚያልፍ አለ።»

«አንተ ያረጀህ ነህ» አለው ጦጣ፤ አውርዶም ጓዳ ወረወረው። ዔሊ ጣሳውን ሳታነሣ ወደ ጥንስሷ ተመለሰች። የተማረ ያደረገውን መቃወም አትወድም ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጦጣ የሚያገሳ አንበሳና የሚረግፍ አበባ ያለበት ድረ ገጽ ሠራ። ማንም አልመጣም።

«መንገዱ የት ተጽፏል? ዋጋውስ?» አለች።

«ከአበባው ሥር አለ፤ የፈለገ ይፈልገዋል።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ከበሮ ጨመረበት። አሁንም ማንም አልመጣም። ጋኑ ከውስጥ ቋ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ጦጣ በትልቁ «ጠላ ሁልጊዜ አለ» ብሎ ጻፈ።

«ልጄ፣ ጠላ እኮ ሲደርስ ነው ያለው» አለች ዔሊ። «ዛሬ ገና በእንስራ ያለ ጥንስስ ነው።»

«ድረ ገጽ አንዴ ከተሠራ አይነካም፣ እትዬ። እንደ ድልድይ ነው።» ይህን ብሎ ወደ ከተማው ተመለሰ።

ቅዳሜ አህያ ጽሑፉን አንብቦ ሰባት ጓደኞቹን አስከትሎ ከጋራው ማዶ መጣ። አቧራ ለብሰዋል፤ ምላሳቸው ደርቋል።

«ስምንት ዋንጫ ቅጂልን፣ እትዬ።»

«አልደረሰም። ማክሰኞ ኑ።»

«አለ ይላል እኮ።»

«እኔ አላልኩም።»

«ደጁ የማን ነው ታዲያ?» አለ አህያ። «ሠላሳ ዓመት ከደጅሽ አንድ ቀን ውሸት ሰምቼ አላውቅም ነበር» አላትና ጓደኞቹን ይዞ ሄደ።

ያን ማታ ጋኑ ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ።

ዔሊ በማግስቱ ተነሣች። በእሷ እርምጃ ከተማው ሦስት ቀን ነው። ጦጣን ከነጓደኞቹ አገኘችውና «የድረ ገጹን የይለፍ ቃል ስጠኝ» አለችው።

«አንቺ ምን ታውቂበታለሽና?»

«ጠላው መድረሱንና አለመድረሱን አውቃለሁ።»

ሰጣት። ቤቷ ተመልሳ አዲስ ጠላ ጠነሰሰች። ከድረ ገጹም አንበሳውን አወጣች፤ አበባውን ጠረገች፤ ከበሮውን ዝም አሰኘች። በአንድ ጣቷ እየለቀመች «ዛሬ የለም። ሐሙስ ይደርሳል» ብላ ጻፈች። ከዚያም አዲሱ መንገድ ድረስ ሄዳ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ቤቷ የት እንዳለ በአፏ ተናገረች። ሐሙስ ሁለት ፍየሎች መጡ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ አምስት። የተሰነጠቀው ጋን በጭቃ ተመርጎ እስከ ግማሹ ይይዛል፤ የሚመጣውም ጠጪ ከግማሹ አያልፍም።

አህያ ግን አልተመለሰም። ዔሊ እስከ ዛሬ ገበያ በዋለ ቁጥር አንድ ዋንጫ ቅራሪ ለብቻው ታስቀምጣለች፤ ሲመሽም ራሷ ትጠጣዋለች።

በር ይሠሩልሻል እንጂ እንግዳ አይቀበሉልሽም።