ዓርብ የዋለው ገና

አንድ ባለጸጋ ነበር፤ ባላምባራስ ጓንጉል ይባላል። አንድ ዓመት አዝመራው ቢበዛበት ስምንት አጫጆች ቀጠረና «ከጾሙ መግቢያ ጀምራችሁ አጭዳችሁ ወቅታችሁ ከጨረሳችሁ፣ ለገና አንድ ሰንጋ እጥልላችኋለሁ፤ ተካፍላችሁ ሥጋችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው። ሰንጋው ደጅ ታስሮ ሲቀለብ አጫጆቹ ጠዋት ማታ ያዩታል።

ከአጫጆቹ መካከል ይርዳው የሚባለው ከሁሉም ድሃ ነበር። ገና ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሚስቱ ወለደች። ብዙ ደም ፈሷት ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። አራስ ጾም የለባትም፤ በቤቱ ግን የሚታረድ ዶሮ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ይርዳው «አይዞሽ፣ ለገና ከሰንጋው የሚደርሰኝን አመጣልሻለሁ፤ መረቅ ጠጥተሽ ትበረቻለሽ» እያለ ያጽናናታል።

በዚያ ዓመት ገና ዓርብ ዋለ። ልደት ረቡዕ ይዋል ዓርብ እንደሚበላበት በአገሩ የማያውቅ ሰው የለም። ባላምባራስ ግን ሰንጋው በወፈረ ቁጥር አንጀቱ አልቆርጥ አለ። ከቅዳሴ መልስ አጫጆቹ ቢላቸውን ስለው ደጁ ላይ ቢሰበሰቡ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣና እንዲህ አላቸው፦

«ቤተ ክርስቲያን ብትፈቅድም እኔ ዓርብን አልሽርም። ጾም ቢበዛ ለነፍስ ነው። ዛሬ በቤቴ የሚበላው ሽሮ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ይታረድልን፣ ጌታዬ» አለ ይርዳው።

«ነገማ ገና አይደለም። እኔ ቃል የገባሁት ለገና ነው።»

አጫጆቹ ተያዩ። ስስታም ቢሆን ይከራከሩት ነበር፤ ጻድቅ ነኝ ያለን ሰው ግን ማን ደፍሮ ይከራከራል? ሰባቱ አንገታቸውን ደፍተው ሽሮው ዙሪያ ተቀመጡ። ይርዳውን ግን የሚስቱ ነገር አላስቀምጥ ስላለው፣ በአቅራቢያው ካለው ገዳም ሄዶ መነኩሴውን አባ ዘወንጌልን አገኛቸው። የሆነውን ሁሉ ነገራቸውና «ሥጋ መመኘቴ ኃጢአት ከሆነ ይንገሩኝ፣ አባቴ፤ ልተወው» አላቸው። አባ ዘወንጌል መቋሚያቸውን አንሥተው አብረውት መጡ።

ባላምባራስ ሲያያቸው ፊቱ በራ። ሥጋ የማይቀምሱ ሰው ለሥጋ አይፈርዱም ብሎ ነው። መስቀላቸውን ተሳለመና፦

«እንኳን መጡ፣ አባ! እስቲ እነዚህን ሆዳሞች ይምከሩልኝ። እርስዎ ሥጋ ከተዉ ስንት ዓመት ሆነዎ?»

«አርባ ዓመት አለፈኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ እኔ አንዲት ዓርብ ብጨምር ምን ክፋት አለው?»

«ምንም ክፋት የለውም፤ ጹም። ብቻ እኔ አርባ ዓመት የተውሁት የራሴን ድርሻ ነው። አንተ ዛሬ የተውኸው የማንን ነው?»

ሰባቱም ጉርሻቸውን ይዘው ቀና አሉ። መነኩሴው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚያ ማዶ አንዲት አራስ ተኝታለች። ቤተ ክርስቲያን አትጹሚ ያለቻትን ሴት አንተ በምን ሥልጣንህ ታስጾማታለህ?» አሉት።

ባላምባራስ አፈረ። ሄዶ ሰንጋውን በገዛ እጁ ፈታ። ሰንጋው ታረደ፤ ሥጋው በቅጠል ላይ ስምንት መደብ ተመድቦ ዕጣ ወጣ። ይርዳው የደረሰውን ተሸክሞ ሲሮጥ ያየው ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት ነበር። የዚያኑ ቀን ሚስቱ ትኩስ መረቅ ጠጣች፤ ስትጠጣ ያየው ባሏም አለቀሰ።

ባላምባራስስ? ከአጫጆቹ አንዱ በአክብሮት ጉበት ቆርጦ ቢያቀርብለት እጁን ዘረጋ፤ ዓይኑ ከመነኩሴው ዓይን ጋር ሲጋጠም መልሶ ሰበሰበው። አባ ዘወንጌል ግን «ብላ ልጄ፤ በዓል ነው። ጾሙን የፈለግኸው አንተ እንጂ ማንም አላዘዘህም» አሉት። እሱ ግን በሰው ፊት ያወጣውን ቃል መልሶ መዋጥ ከበደውና፣ የጥብሱ ሽታ እየመጣበት ያን ቀን ሽሮውን ብቻውን በላ። በዚያ ቤት የመጀመሪያው እውነተኛ ጾም ያ ሳይሆን አይቀርም።

ጾም ከራስ ገበታ ላይ ማንሣት ነው። ከሌላው ገበታ ላይ አንሥቶ ጾምኩ ማለት ግን፣ ስስትን ነጠላ አልብሶ ቤተ ክርስቲያን እንደ መውሰድ ነው። ከታዘዘው በላይ ለመጽደቅ ስንነሣ፣ የምንተወው ነገር የማን እንደ ሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።

እርስዎስ ቤትዎን ዞር ብለው ቢያዩ፣ በእርስዎ ጽድቅ ምክንያት ጦሙን የሚያድር ሰው ይኖር ይሆን?