ድንጋይ ወጪው መኪናና እመት ሽኮኮ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናንተ «እህ» ስትሉ እኔ እቀጥላለሁ። ዝም ካላችሁ ግን መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ይቆምና ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሲነጋገሩ፣ ዕቃም ሲመልስላቸው፣ በአንድ ድንጋያማ ተራራ ላይ እመት ሽኮኮ የምትባል እናት ትኖር ነበር። ድሮ ሪሞት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ በእኔ ተረት ውስጥ ነበር፤ አርፎ ይስማ። እመት ሽኮኮ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻት። ስሟ ድንቡሼ ነው። ክብ፣ ለስላሳ፣ ሆዷን የምትወድ ልጅ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ ማዶ ያለውን ለምለም ሣር አየችና እናቷን ሳታስፈቅድ ተሻገረች። ሣሩን በወጉ ሳታላምጥ የንስር ጥላ አለቱ ላይ አረፈ። ድንቡሼ ሮጣ አንድ ስንጥቅ ውስጥ ተወሸቀች። ንስር ሳታት፤ ግን አልሄደም። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ጀመር።

«እማዬ!» አለች ድንቡሼ ከማዶ።

«አለሁ ልጄ! እንዳትወጪ!» አለች እመት ሽኮኮ ከዋሻዋ ደጃፍ።

«እማዬ፣ እዚህ የእባብ ቆዳ አለ!»

እመት ሽኮኮ የማን ቆዳ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ስንጥቁ የእፉኝት ቤት ነው። እፉኝት ቀን ቀን ታች ወንዝ ዳር ትውላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ልጅቱ ብትወጣ ንስር አለ። ብትቀመጥ እፉኝት ትመጣለች። እናትየዋ ልሻገር ብትል ንስር መንገድ ላይ ይቀበላታል። ፀሐይዋም ማዘቅዘቅ ጀምራለች።

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤቷ እመት ጦጢት መጣች። እመት ጦጢት አስፋልት ዳር ተቀምጣ አውቶቡስ ስታይ የምትውል፣ ስለ መኪና የማላውቀው የለም ባይ ናት።

«እኔ እንዳልሻገርልሽ ያ ንስር ያክስቴን ልጅ በልቶብኛል» አለች። «ግን ንስር የማይበላው አንድ ነገር አለኝ። ቆይ!»

ሄዳ እየጎተተች አመጣችው። ከመንገደኞች ጭነት ላይ የወደቀ፣ ጎማው ትልልቅ፣ ቁመቱ ከሽኮኮ ትንሽ የሚበልጥ መጫወቻ መኪና ነው። ከሩቅ የምትነዳው ሪሞቷም አብራው ነበረች።

«አንተ ማነህ?» አለች እመት ሽኮኮ።

«ድንጋይ ወጪ ነኝ» አለ መኪናው ቀስ ብሎ። «ሩጫ አልችልም። በዝግታ የነዳኝ ካለ ግን ድንጋይ አይመልሰኝም።»

«እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን አደርስለታለሁ» አለች ሪሞት። «ከራሴ አልጨምርም፤ አልቀንስምም።»

«ልጄን ታመጡልኛላችሁ?»

«ከነዳሽን እናመጣለን» አሉ ሁለቱም።

መጀመሪያ ዋሻው ውስጥ፣ ንስር በማያይበት፣ ይለማመዱ ጀመር። እመት ጦጢት ማንንም ሳትጠይቅ ሥራውን በእጇ አስገባች። ጎማውን ተጫን ተጫን አድርጋ «ይሄማ ተንፍሷል! የአውቶቡስ ጎማ እንደዚህ አይልም» አለችና ሣር ጠቅጥቃ ጠቅጥቃ ድንጋይ አስመሰለችው። ከዚያ ሪሞቷን ያዘችና ማንሻውን እስከ መጨረሻው ገፋችው። ዥዥዥ! መኪናው ዘለለ፣ ከድንጋዩ ጋር ተላተመ፣ በጀርባው ተንጋለለ። ጎማዎቹ አየር ላይ ሲሽከረከሩ ቀሩ።

«ነዳጅ ስላነሰው ነው» አለች እመት ጦጢት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ስጪኝ» አለች እመት ሽኮኮ። «ልጅቱ የእኔ ናት፤ እኔ እነዳለሁ።»

መኪናውን አቃኑት። በድንቡሼ ምትክ የሷን ያህል የሚከብድ የጭቃ ጓል ሊጭኑ ሆነ። እመት ጦጢት እየዘለለች ጣሪያው ላይ አሰረችው።

«እዚያ ላይ?» አለች እመት ሽኮኮ።

«አውቶቡስ አይተሽ አታውቂም እንዴ? ፍራሹ ከላይ፣ ዶሮው ከላይ፣ በጉም ከላይ! ጭነት ቦታው ጣሪያ ነው።»

እመት ሽኮኮ አመነቻት፤ አውቶቡስ አይታ አታውቅማ። ማንሻውን ቀስ አድርጋ ነካችው። መኪናው ድንጋዩን መውጣት ጀመረ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፊቱ ወደ ላይ ተነሣ፣ ተነሣና ወደ ኋላው ተገለበጠ። ጓሉ መሬት ላይ ወድቆ ፍርስርሱ ወጣ።

እመት ሽኮኮ የፈረሰውን ጓል አየች። ልጇን ነበር ያየችው። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከማዶ «እማዬ» የሚለው ድምፅ እየሳሳ ነው። የዋሻው ደጃፍ ላይ የነበረው የፀሐይ ብርሃን ወደ ግድግዳው ወጥቷል።

እንባዋን ጠረገችና መኪናው አጠገብ ጎንበስ አለች።

«አንተ ራስህ ምን ትፈልጋለህ?»

«እሰይ!» አለ መኪናው ተገልብጦ እንዳለ። «የሚጠይቀኝ ተገኘ። ሣሩን ከጎማዬ አውጡልኝ፤ ጎማዬ ልል ሲሆን ነው ድንጋዩን የሚያቅፈው። ጭነቱንም ወደ ሆዴ አውርዱልኝ፣ ከባትሪዬ አጠገብ። አንቺም ማንሻውን አትግፊው፤ የተኛ ሕፃን እንደምትነኪ ንኪው።»

ሣሩን አወጡ። ሌላ ጓል ከቦዲው ሥር ሆዱ ውስጥ ሸጎጡ። እመት ሽኮኮ ማንሻውን ነካችው፣ ለቀቀችው፣ ነካችው። ጎማው ድንጋዩን ጨበጠ። አንዱ እግር ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ሆዱ ግን አይናወጥም። ወጣ! እመት ጦጢት «እኔም ይህንኑ ልል ነበር» አለች። ጓሉንም ለድንቡሼ ቦታ እንዲለቅ ከሆዱ አወጡት።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ መኪናው። «ልምምዱ ባትሪዬን በልቶታል። ለመሄጃና ለመመለሻ ይበቃኛል። ለስህተት ግን አይበቃኝም።»

ወጡ። መኪናው ወደ ማዶ ጀርባውን ለእመት ሽኮኮ ሰጥቶ ይሄዳል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራ በኩል ገደል፣ በቀኝ በኩል አለት። እመት ሽኮኮ ከደጃፏ ሆና ዓይኗን ሳትነቅል ትነዳለች። ግራ ስትል ግራ፣ ቀኝ ስትል ቀኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ንስር ዱብ አለ።

«ማነህ አንተ?» አለ።

«ብረትና ጎማ ነኝ» አለ መኪናው።

ንስር አንዴ ነከሰው። «ጎማ ጎማ ይላል!» ብሎ ተፋውና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። እመት ሽኮኮ ማንሻውን ነካች፣ ለቀቀች፣ ነካች። መኪናው ስንጥቁ ጋ ደረሰ፤ ዞሮም ንስር እንዳያይ ስንጥቁን በቂጡ ደፈነ።

«ድንቡሼ፣ ከቦዲዬ ሥር ግቢ! ድምፅሽን እንዳታሰሚ!» አላት መኪናው በሹክሹክታ።

ድንቡሼ ተስባ ገባች። መኪናው መመለስ ጀመረ።

እዚህ ጋ «እህ» በሉ፤ ጭንቁ አሁን ነው።

ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርሱ አንድ ጠጠር ጎማውን ገፋውና መኪናው ወደ ገደሉ ጠጋ አለ። ገደሉ በእመት ሽኮኮ ግራ ነው። ስለዚህ «ቀኝ!» አለች። መኪናው ጭራሽ ወደ ገደሉ ታጠፈ። ደንግጣ «ቀኝ! ቀኝ!» አለች። የፊት ጎማው ከአፋፉ ወጥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ማንሻውን ለቀቀችው። ጠጠሩ ሲወርድ ታች እስኪደርስ ድረስ ተሰማ።

«ምነው ሪሞት! ቀኝ አላልኩሽም?»

«ቀኝ ነው ያልኩት» አለች ሪሞት። «በእሱ ቀኝ። የምነግረው ለእሱ ነው፤ አንቺ ወዴት ዞረሽ እንደቆምሽ እኔ አላውቅም። ሲሄድ ፊታችሁ ወደ አንድ ወገን ነበር። አሁን ግን ፊቱ ወዳንቺ ነው።»

«እንግዲያው ገልብጪው!» ጮኸች እመት ጦጢት። «ቀኝ ስትፈልጊ ግራ በይ፣ ግራ ስትፈልጊ ቀኝ!»

እመት ሽኮኮ ልትገለብጠው አሰበች። ግራው ቀኝ ሆነ፣ ቀኙ ግራ ሆነ፣ መልሶ ቀኝ ሆነ፤ ጭንቅላቷ ዞረ። አንድ ጊዜ ብትሳሳት ልጇ ገደል ናት። ጣቷ ማንሻው ላይ ደርቆ ቀረ።

በዚህ መሃል አቧራው አፍንጫዋ ገብቶ ድንቡሼ አነጠሰች።

«ኧረ!» አለ ንስር አንገቱን አስግጎ። «ጎማ ማስነጠስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ክንፉንም ዘረጋ።

እመት ሽኮኮ ያን ጊዜ አንድ ነገር አደረገች። ፊቷን ከልጇ አዞረች። መኪናው ወደዞረበት ዞራ፣ ጀርባዋን ለማዶው፣ ለገደሉ፣ ለንስሩም ሰጥታ ቆመች።

«ምን ሆነሻል? ልጅሽን ትተሽ ወዴት ነው?» አለች እመት ጦጢት።

እመት ሽኮኮ እስካሁን ዓይኗን ከልጇ አልነቀለችም ነበርና አሁን መዞሩ ከበዳት። አጭር አንገቷን እንደምንም ጠምዝዛ በትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ አየች። ገደሉ አሁን በቀኝ እጇ በኩል ነው፤ በመኪናውም ቀኝ ነው። መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ቀስ። ጎማው አፋፉን ያዘ። ከዚያ ግራ። መኪናው ወደ አለቱ ጠጋ አለ።

ንስር መጣ። ጥፍሩን ዘርግቶ ጣሪያውን መታው። መኪናው ተንገጫገጨ፣ አንድ ጎኑ ተነሣ።

«ግፊው! እስከ መጨረሻው ግፊው!» ጮኸች እመት ጦጢት።

የእመት ሽኮኮ እጅ መግፋት ፈለገ። አልገፋችም። ነካች፣ ለቀቀች፣ ነካች። ጭነቱ ታች ነበርና የተነሣው ጎን ተመልሶ ዱብ አለ። ንስር ሁለተኛ መታ፤ ጥፍሩ ጣሪያው ላይ ተንሸራተተ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊመታ ሲወርድ መኪናው የዋሻውን ደጃፍ አልፎ ገባ። ንስር ክንፉን ከአለቱ ጋር አላትሞ እየተሳደበ ሄደ። ባትሪውም እዚያው ላይ አለቀ።

ድንቡሼ ከቦዲው ሥር በአቧራ ነጭ ሆና ወጣች። እናቷ አቀፈቻት፣ አሸተተቻት፣ ቆነጠጠቻት፣ ደግሞ አቀፈቻት።

«እማዬ» አለች ድንቡሼ እየተንሰቀሰቀች፣ «በቀዳዳው ሳይሽ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር። ጥለሽኝ የሄድሽ መሰለኝ።»

«አልሄድኩም ልጄ» አለች እመት ሽኮኮ። «አብሬሽ እየመጣሁ ነበር።»

ማታ እፉኝት ቤቷ ስትገባ ባዶ ሆኖ አገኘችው። እመት ጦጢትም አስፋልት ዳር ተመልሳ፣ መኪና ማሽከርከር ለጎረቤቶቿ እንዴት እንዳስተማረች ታወራለች ይባላል።

እናንተም ስሙ። ከሩቅ ሆኖ ሌላውን የሚመራ፣ ቀኝና ግራውን ከማዘዙ በፊት ያ ሰው ወደዞረበት ይዙር። ተረቴን አደረስኩላችሁ፤ ለእኔ ውሃ፣ ለእናንተ ምክሩ።