ድንጋይ የታቀፈችው ወፍ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አራስ ባለችበት ደጅ ቀስ ብለህ እለፍ» ይል ነበር። ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

በምድር ጫፍ፣ በረዶው በማይቀልጥበት አገር፣ ፔንግዊን የምትባል መብረር የማትችል ወፍ ነበረች። ጎጆዋን የምትሠራው ጠጠር እየለቀመች ነው። አንድ ቀን ስትለቅም የቅጠል መልክ የታተመበት ስስ ድንጋይ አገኘች። በመንቆሯ ልታነሣው ስትል ድንጋዩ ተናገረ።

«ተይኝ ልጄ፣ በመንቆርሽ ካነሣሽኝ እሰበራለሁ። ይህ አገር ጫካ እንደነበረ የሚመሰክር ከእኔ ሌላ የቀረ የለም።»

«ኧረ በእግዜር! እዚህ ዛፍ ነበረ?» አለችና ትታው ሄደች።

በማግስቱ አንድ እንግዳ ሰው መዶሻና ከረጢት ይዞ መጣ። ያገኘውን ድንጋይ እየፈለጠ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል። ወፏ ይህን ስታይ እየተንገዳገደች ሮጠችና በዚያ ቅጠል በታተመበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጎረቤቷ ሳቀችባት። «አንቺ ሞኝ፣ ድንጋይ ታቅፈሽ ጫጩት ልታወጪ ነው?»

«ዝም በይ፣ ሰውዬው ይሰማሻል!»

ድንጋዩ ከሆዷ ሥር ሆኖ፣ «ተመስገን ጌታዬ፤ ጫካው ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ሞቆኝ አያውቅም» አለ።

ሰውየው አጠገቧ ደረሰ። መዶሻውን እንዳነሣ ወፏን አያት፤ እሷም ንቅንቅ አላለችም። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። የራሱን ዱካ እየረገጠ ወደ ኋላ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላት፦

«ይቅርታ እናቴ፣ አራስ መሆንሽን አላየሁም። እግዜር ያሳድግልሽ።»