ጆሮዋን ጥላ ቤት የለካች አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እንደ ሰው መኪና መግዛት በጀመሩበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ከአሮጊት እናቷ ጋር በገደል አፋፍ ላይ ትኖር ነበር። መኪናውን ማን ነዳው፣ መንጃ ፈቃዱንስ ማን ሰጠ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ስሰማ አልጠየቅኩም።

በዚያ ዓመት ጅቡ ደፍሮ ነበር። መጀመሪያ የአህያይቱን ታላቅ እህት በላ። ቀጥሎ ከጎረቤት አንድ ውርንጭላ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በጠራራ ፀሐይ እየመጣ ከእሾህ አጥሩ ውጭ ቁጭ ማለት ጀመረ። አይዘልም፣ አይጮህም። ቁጭ ብሎ ያያል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ይሄዳል። አህያይቱ ከዚያ ወዲህ ሣሩን እንኳ በቅጡ ሳታኝክ ትውጠው ነበር። ሸሽታ ሌላ አገር እንዳትሄድ፣ እናቷ ጉልበቷ ከድቷት ከደጃፍ አታልፍም። ጥላት እንዳትሄድ ደግሞ እናት ናት።

ስለዚህ ቤት የሚሆን መኪና ልትገዛ ቆረጠች። ዙሪያው በላሜራ የተሸፈነ ቫን፣ ወለሉ ላይ ጭድ የሚነጠፍበት፣ ጥጉ ላይ የውሃ በርሜል የሚቆምበት፣ በሩ ከውስጥ የሚቀረቀር። እናቷን አስተኝታ ጅብ ወደሌለበት ሜዳ ትሄዳለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ክፋቱ ደላላው ቀበሮ መሆኑ ነው።

ቀበሮ ያረጁ መኪኖች ከሚቆሙበት ግቢ በር ላይ ተቀበላት።

«እትዬ አህዪት፣ እግዜር ነው ያመጣሽ» አለ። «ለአንቺ የሚሆኑ ሁለት አሉኝ።»

አንደኛው ትልቅ ቫን ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ረጅም፣ ቀለሙ የተላላጠ። አህያይቱ በኋላው በር አንገቷን አስገብታ አየች። ውስጡ ባዶና ጨለማ ነበር፤ ስትተነፍስ ትንፋሿ ተመልሶ መጣባት። ይህን በሚያህል ባዶ ቦታ ሦስት ጅብ ይገባበታል ብላ አሰበችና ወደ ኋላ አለች።

«አልወደድሽውም አይደል?» አለ ቀበሮ ዓይኑን ሳይነቅልባት። «ልክ ነሽ። ሰፊ ቤት ፍርሃት ይጨምራል። ቤት ማለት ጠበብ ብሎ ሲያቅፍ ነው። ነይ፣ ይህችን እያት።»

ሁለተኛዋ አጭር ቫን ነበረች፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ አዲስ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች። አህያይቱ ልትገባ እግሯን ስታነሳ ከግቢው አጥር ጀርባ ሳል ተሰማ። የሰው ሳል ይመስላል፤ የሰው ግን አልነበረም። ጆሮዋ ወደቀ፣ አንገቷ ወደ ደረቷ ገባ፣ ወገቧ ጎበጠ። እንደዚያ እንዳለች ዘላ ገባች። ቀበሮ በሩን ከኋላዋ ዘጋላት።

ልክ ሆነቻት። ግድግዳው ግራና ቀኝ ጎኗን ነካት። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀርባዬ ምን አለ ብላ አልዞረችም፤ መዞሪያም አልነበረም።

«እንዴት ናት?» አለ ቀበሮ ከውጭ።

«ጋሼ፣ በልኬ የተሰፋች ናት» አለች።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ከደጃፍሽ አደርስልሻለሁ። እናትሽ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ ተጠጋግታችሁ ትተኛላችሁ። እኔ እያለሁ ምንም አትስጊ።»

አህያይቱ ከዓይን እንደራቀች ጅቡ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለ።

«እንዳልከኝ ሳልኩ» አለ። «አሁን ልብላት?»

«ነገ፣ አያ ጅቦ፣ ነገ። እኔ ዋጋዬን ልቀበል፣ እሷና እናቷ ከትንሿ ቫን ይግቡ፤ ያኔ በሩን እከፍትልሃለሁ።»

«ዛሬ ምን አለበት?»

«ምክንያቱን ብነግርህ አይገባህም። ነገ ብዬሃለሁ።»

ጅቡ እሺ አለ። ከጅብ እሺታ ግን ሆዱ ይበልጣል፤ ተመልሶ አጥሩ ጥግ ተኛ።

አህያይቱ ቤቷ ስትደርስ እናቷ ጭዷ ላይ ተጋድማ ሁሉንም ሰማች። ስለ ሰማያዊው ቀለም፣ ስለ ግድግዳው ጥበት፣ ስለ ቀበሮ ደግነት ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስትለኪያት ጆሮሽ ቆሞ ነበር ወይስ ወድቆ?»

«ወድቆ ነበር፣ እማ። ጅቡ ሲስል ሰማሁ።»

«እንግዲያው ቫኗ ልክ የሆነችው ለፍርሃትሽ ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አጎንብሼ ኖርኩ፤ ጉልበቴን የጨረሰው ጭነት ብቻ መሰለሽ? ተመለሺና ሁለቱንም ቆመሽ ለኪ።»

«እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ፣ ልጄ። ሂጂ።»

ፀሐይ ገና ከሰማይ አልወረደችም፤ መንገዱ ግን ከጠዋቱ የረዘመ መሰላት። በየቁጥቋጦው አጠገብ እየቆመች አዳመጠች። ሁለት ጊዜ ልትመለስ ዞረች። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ተመልሼ ነበር። ግቢው ስትደርስ ቀበሮ በሩ ላይ አልነበረም። ሰማያዊዋ ውስጥ ገብታ አንገቷን ቀና ስታደርግ ጆሮዋ ጣሪያውን መታ። የኋሊት ወጣችና ወደ ትልቁ ሄደች። እየፈራች ገባች፤ ኮቴዋ ወለሉ ላይ አስተጋባ። እስከ ጋቢናው ግድግዳ ድረስ ሄዳ ጆሮዋን በግድ አቆመችው። ጣሪያው አሁንም ሩቅ ነበር።

ያን ጊዜ ብርሃኑ ቀነሰ። ዞር ስትል ጅቡ በሩ ላይ ቆሟል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ሽታዋ ሲመጣበት ጅቡ ነገ የሚባለውን ቀን ረስቶት ነበር። ዘሎ ገባና እንዳታመልጠው በሩን ከኋላው ሳበው። ጨለመ። ለሃጩ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማች፤ እህቷን የበላውን አፍ ከነሽታው አወቀችው። ነገ ለእናቴ ማን ውሃ ያቀርብላታል ብላ አሰበች። ከዚያ አንገቷን ወደ ደረቷ አስገብታ፣ ለመሞት አጎነበሰች።

ቀበሮ የበሩን ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። የስንት ቀን ተንኮሉ ሲበላሽ አይቶ ራሱን መግዛት አቃተው። ላሜራውን በመዳፉ እየደበደበ ጮኸ፦

«አንተ ሆዳም፣ በዚያችኛዋ ነው ያልኩህ እኮ! ጣሪያዋ ዝቅ ያለውን የመረጥኩላት እንዳትራገጥ ነው። በዚህኛው እግሯ ይነሳል፤ ውጣ!»

አህያይቱ ሰማች። ለሸክም ብቻ የተሰጣት ይመስላት የነበረውን እግሯን አሰበች። ቀበሮ ይህን እግር ይፈራዋል። በዚህ ግቢ ውስጥ የምትፈራው እሷ ብቻ አልነበረችም።

ጅቡ ግን ነገሩ አልገባውም። «የትኛዋ ናት ዝቅ ያለችው?» አለ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ።

አህያይቱ ዞረች፤ መዞሪያው ሰፊ ነበር። ጀርባዋን ሰጠችውና ሁለቱን የኋላ እግሮቿን እስከቻለችው ድረስ ወረወረቻቸው። ጣሪያው አልነካትም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል ሰምታችኋል፤ ይህኛው ኮቴ ነከሰ። በሩን ገንጥሎ ወጥቶ አቧራው ላይ ተዘረረ፤ ሲነሳ መንጋጋው ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር። ቀበሮ ሊያባብለው አፉን ከፈተ። ጅቡ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያሳድደው እሱን ሆነ፤ ቀበሮም የቫኑን ዋጋ ሊጠይቅ ተመልሶ አልመጣም።

አህያይቱ በሩን መልሳ አስገጠመች፤ የርግጫዋን ስርጉድ ግን አላስቃናችውም። ጭድ አነጠፈች፣ በርሜሉን ሞላች፣ እናቷን ይዛ ልትሄድ ቫኑን ከደጃፏ አቆመች። ፍርሃቷ እንዳለ ነው። እስከ ዛሬ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ትደነግጣለች፤ የምትደነግጠው ግን ቆማ ነው።

እናቷ ልትገባ ስትል እንደ ልማዷ አጎነበሰች።

«ቀና በይ፣ እማ» አለቻት። «ይበቃል።»

አሮጊቷ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ልጇን አየች። ከዚያ ጆሮዋን ቀስ ብላ፣ አንዱን ከአንዱ በኋላ፣ አቆመች።

ከዚህ የምንማረው፣ በፍርሃት አጎንብሰው የለኩት ቤት የሚመቸው ለሚፈሩት ጠላት መሆኑን ነው።